ማሽኑ ነው ወይስ እሷ?

ስለ ኮምፒውተር የተጻፉ መመሪያዎች አብዛኞቹ የተጻፉት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነው። "የክፍል ሙቀት" ሲሉ 20፣ ቢበዛ 25 ዲግሪ ማለታቸው ነው። ሸዋ ሮቢት ለሚኖር ሰው ይሄ ቀልድ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ የጣርማ በርን ዋሻ አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ተሰናብታችሁ ቁልቁል ስትወርዱ መጀመሪያ ጋቢው፣ ቀጥሎ ጃኬቱ፣ በመጨረሻ ሹራቡ ይወልቃል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ አናት ተነስታችሁ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ደርሳችኋል። እዚህ ማንጎ አለ፣ ማሾ አለ፣ ሽንኩርት አለ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚሠራ ማንኛውም ነገር፣ ሰውም ይሁን ፕሮሰሰር፣ ያሳዝናል።

እኛ ቤት ሰርቨር አለ። ሰርቨር ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከአዲስ አበባ የተገዛ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ነው፤ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ። ጄሊፊን የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ተጭኖበታል። ጓዳ ውስጥ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ሳሎን ላለው ቴሌቪዥን ቪዲዮ ይልካል። ቴሌቪዥኑ ላይ የተሰካው ደግሞ ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ነው። ስክሪን ባይኖረውም በኤችዲኤምአይ ቴሌቪዥኑን እንደ ስክሪን ይጠቀማል። በቃ፣ ይሄ ነው የእኛ ሲኒማ ቤት።

ውስጡ ያለው አራት ዓይነት ነገር ነው። ፊልም አለ። የአክስቴ ልጆች የሚያጠኑበት የ12ኛ ክፍል ትምህርት አለ። ሠርግ ይቀርጽ የነበረው አጎቴ በሚኒ ዲቪ ካሴት የቀረጻቸው የሰፈራችን ሠርጎች አሉ፤ አንዱን ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ካሴቱ የሚፈጀውን ያህል ሰዓት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ስለሚጠይቅ፣ ሁሉንም ለመጨረስ አንድ ክረምት ፈጅቷል። አራተኛው "እህቴ" የሚል ፎልደር ነው።

እህቴ ዓረብ አገር ናት፤ ሰው ቤት ትሠራለች። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በቪዲዮ መተያየት ቀረ። ስልክ በድምፅ ሲገኝ ይደወላል፤ ፊት ግን የለም። እህቴ መላ አገኘች። ባላት ያገለገለ አይፎን ራሷን ትቀርጻለች፣ ወደ ፍላሽ ትገለብጣለች፣ ወደ አገር ቤት ለሚመጣ ሰው ትሰጣለች። ይፋት ድሮም በመንገደኛ የሚኖር አገር ነው። በመካከለኛው ዘመን የይፋት ሡልጣኔት ከዘይላ ወደብ ወደ መሐል አገር የሚገባው የንግድ መንገድ ላይ ነበር የተቀመጠው፤ ጨርቁም ወሬውም በሰው ጀርባና በግመል ይመጣል። ስድስት ደቂቃ ቪዲዮ በሰው ኪስ ሲመጣ የድሮው ነገር በአዲስ ዕቃ ቀጠለ ማለት ነው።

እማዬ እነዚህን ቪዲዮዎች የምታያቸው ማታ ነው። ቀን ሥራ አለ፤ ማታ 1 ሰዓት ሲሆን ቡናው ይፈላል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ሳሎኑ ይሞላል። እና ልክ ያኔ ቪዲዮው ይንከባለላል። እህቴ "እንደምን ናችሁ" ብላ ትጀምራለች፤ አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ ትሄዳለች፤ ከዚያ ፊቷ ይደርቃል፣ አፏ ክፍት ይቀራል፣ መሐል ላይ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች። ድምፁ ሲመለስ ቃሉ ተቆርጦ ነው።

እኔ ክቧን ነው የማየው። እማዬ ግን የምታየው የልጇን ፊት ነው።

"ልጄ ትንፋሽ ያጥራታል እንዴ? ምን ሆና ነው እንዲህ የምትቆራረጥ?"

"እማዬ፣ ማሽኑ ነው።"

"ማሽኑማ ለሠርጉ ጊዜ ደህና ነው። የአጎትህ ሠርግ መቼ ቆሞ ያውቃል? የእሷ ብቻ ነው የሚቆም።"

እዚህ ላይ ልክ ነበረች። ነገሩን የፈታውም ይሄ ንግግሯ ነው ብል አላጋነንኩም።

መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ስልክ እጠግናለሁ፣ ፍላሽ እጭናለሁ። "ስልኬ ሰንፏል" ብሎ ለሚመጣ ሁሉ ሦስት ጥያቄ አለኝ። መቼ ነው የሚሰንፈው? በየትኛው ፋይል ነው? ቦታ ስትቀይር ይለወጣል? ብዙ ሰው "ሁልጊዜ፣ በሁሉም፣ የትም" ብሎ ይጀምራል። ትንሽ ሲያስብ ግን "ሁልጊዜ" የሚለው ወደ "ማታ ማታ" ይወርዳል፤ "ሁሉም" ወደ "እነዚያ ቪዲዮዎች" ይወርዳል። ብልሽት ሰዓትና ቦታ ካለው ግማሹ ተገኘ ማለት ነው። የእኛ ሰርቨር ሁለቱም አለው። ጠዋት አይቆምም፣ ማታ ይቆማል። የአጎቴ ሠርግ ይሮጣል፣ የእህቴ ቪዲዮ ይንከባለላል።

ቤት የመጣ ሰው ሁሉ የራሱ ተጠርጣሪ ነበረው። ኤሌክትሪክ የሚሠራው ጎረቤታችን፣ ጋሼ የምንለው፣ "መብራቱ ነው፤ ማታ ማታ ኃይሉ ይወርዳል" አለ። ቴስተሩን አምጥቶ ለካ፤ እውነትም ቀን 220 አካባቢ የነበረው ማታ 198 ቮልት ሆኗል። ማራገቢያውም ማታ ሲዞር ይለግማል። ግን የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ተጽፏል፤ በዚያ መሐል እስከሆነ ድረስ ግድ የለውም። መብራቱ ነፃ ወጣ።

የአክስቴ ልጅ "ገመዱ ነው" አለ። ከጓዳ ሳሎን በግድግዳው ጥግ የሄደውን የኔትወርክ ገመድ ፈተሽኩት። በሴኮንድ 1,000 ሜጋቢት መሄድ ሲገባው 100 ላይ ተይዟል። ይሄ የተለመደ ነገር ነው፤ ገመዱ ውስጥ አራት ጥንድ ሽቦ አለ፣ ለ1,000 አራቱም ጥንዶች መሥራት አለባቸው፣ አንዱ ከተበጠሰ በሁለት ጥንድ ወደሚሠራው 100 ይወርዳል። አይጥም ሊሆን ይችላል። ግን የእህቴ ቪዲዮ የሚፈልገው በሴኮንድ 23 ሜጋቢት ገደማ ነው። 100 ላይ ያለ ገመድ አራት እጥፍ ይችለዋል። ገመዱ ቢጎዳም ጥፋተኛው እሱ አይደለም።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ሃርድ ዲስኩ ነበር። እሱን ነፃ ያወጣችው እማዬ ናት። የአጎቴ ዲቪ ፋይል በሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ በደቂቃ ከ200 ሜጋባይት በላይ ማለት ነው። የእህቴ የስልክ ቪዲዮ በደቂቃ 170 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ከአንድ ዲስክ፣ በአንድ ገመድ፣ ትልቁ ፋይል እየሮጠ ትንሹ ከተንከባለለ፣ ችግሩ ከማንበብም ከመላክም አይደለም። የቀረው ፋይሉን የሚፈታው ፕሮሰሰር ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪዲዮ ሲቀረጽ ተጨምቆ ነው የሚቀመጠው፤ አጨማመቁ ግን ይለያያል። የአጎቴ ዲቪ እያንዳንዱን ምስል ለብቻው ይጨምቃል። አንዱን ለመክፈት ሌላውን መክፈት አያስፈልግም። የምስሉም መጠን ትንሽ ነው፤ 720 በ576 ነጥብ። የእህቴ አይፎን የሚጠቀመው ኤች 265 የሚባለውን ነው። እሱ ቦታ ለመቆጠብ "ቀደም ብዬ እንዳልኩት" እያለ የሚጽፍ ደብዳቤ ዓይነት ነው፤ አንዱን ምስል ለመረዳት የፊቱንም የኋላውንም ማየት ያስፈልጋል። በዚያ ላይ በ4ኬ ነው የቀረጸችው፤ 3,840 በ2,160። አባዙት፤ በእያንዳንዱ ምስል ላይ ያለው ነጥብ ከአጎቴ ካሴት ልክ 20 እጥፍ ነው።

ኤች 265 እንደ መስፈርት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የእኛ ፕሮሰሰር ትውልድ ገበያ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። ስለዚህ በአካሉ ውስጥ ይህን አጨማመቅ የሚፈታ ክፍል አልተሠራለትም፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ናቸው ያንን ይዘው የተወለዱት። የሳሎኑ ላፕቶፕም በራሱ ሊከፍተው አልቻለም። ሰርቨሩ በአራት ኮሩ እየታገለ፣ በጉልበት እየፈታ፣ ላፕቶፑ ወደሚያውቀው ኤች 264 መልሶ እየጨመቀ ይልካል። ይሄ ሥራ ትራንስኮድ ይባላል።

ይህን ሥራ የሚሠራው ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለ ፕሮግራም ሲሆን፣ ምን ያህል እንደሄደ የሚናገርበት መዝገብ አለው። እዚያ ላይ ፍጥነት የሚል ቁጥር አለ። 1 ከሆነ የአንድ ሴኮንድ ቪዲዮ በአንድ ሴኮንድ ተዘጋጀ ማለት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አየሁት፤ 1.15። ማታ 1 ሰዓት ላይ አየሁት፤ 0.8። በቃ ይሄው ነው። በ0.8 ሲዘጋጅ ተመልካቹ በየሴኮንዱ ሁለት አሥረኛ ሴኮንድ ይቀድመዋል። ሰርቨሩ መጀመሪያ ላይ 12 ሴኮንድ ቀድሞ ቢያዘጋጅ፣ ያቺ ስንቅ በአንድ ደቂቃ ታልቃለች። እህቴ የምትደርቀው ስንቁ ሲያልቅ ነው።

ታዲያ ጠዋት የቻለው ማታ ለምን አቃተው? መልሱ ጣሪያው ነው። የኮምፒውተር ማራገቢያ ሙቀትን ያወጣል እንጂ ከክፍሉ አየር በታች አያቀዘቅዝም። የእኛ ፕሮሰሰር ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ ከክፍሉ በ62 ዲግሪ ይበልጣል። ጠዋት ጓዳው 26 ነው፤ ፕሮሰሰሩ 88። ማታ ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ወደ ታች ሲተፋው፣ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ 37 ይሆናል፤ ፕሮሰሰሩ 99። 100 አካባቢ ሲደርስ ራሱን እንዳያቃጥል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይሄ ብልሽት አይደለም፤ እንደተሠራበት ነው የሚሆነው። የቆላ ገበሬም ፀሐይ ሲከር ጥማዱን ፈትቶ ጥላ ሥር ይላል፤ ሰነፍ የሚለው የለም።

ማስተካከሉን አንድ በአንድ ሠራሁት፤ በየማታው አንድ ነገር ብቻ እየለወጥኩ፣ ያንኑ ቪዲዮ ከፍቼ፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ እየጻፍኩ። ሦስት ነገር በአንድ ቀን የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ የባሰበት ቀን ደግሞ የትኛውን እንደሚመልስ አያውቅም። የመጀመሪያው ማታ አቧራውን አራገፍኩ። ከማቀዝቀዣው ሥር የወጣው አቧራ ብርድ ልብስ ይወጣዋል። 99 የነበረው 93 ሆነ። በሁለተኛው ማታ ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መሐል ያለውን የደረቀ ፔስት ጠርጌ አዲስ ቀባሁ፤ 86። በሦስተኛው ማታ ሰርቨሩን ከቁም ሣጥኑ አናት አውርጄ የውሃ እንስራው አጠገብ፣ ወለል ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቄ አስቀመጥኩት። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ወለሉ ላይ ጓዳው 33 ነው። ፕሮሰሰሩ 82። የማታው ፍጥነት ከጠዋቱ ጋር እኩል ሆነ።

ከዚያም ከልጆቹ አንዱ በስልኩ ሌላ ቪዲዮ ከፈተ፤ ተመልሶ ወረደ። 1.15 ማለት ለአንድ ሰው ብቻ የምትበቃ ነገር ናት። ስለዚህ የመጨረሻውን መላ ከእማዬ ወጥ ቤት ወሰድኩት። ድግስ ያለበት ቤት እንግዳ ከተቀመጠ በኋላ ምጣድ አይጥድም። እንጀራው ከዋዜማው ተጋግሮ ያድራል። ሰርቨሩም አሁን አዲስ የእህቴ ቪዲዮ ሲገባ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ ጓዳው ሲቀዘቅዝ፣ ማንም ሳይነግረው ተነስቶ ላፕቶፑ ወደሚያውቀው ዓይነት ቀይሮ ያስቀምጠዋል። ዋናው ፋይል አይነካም፤ ደግሞ መጭመቅ ከምስሉ ጥቂት ስለሚያጎድል እሱ እንዳለ ይቀመጣል። ማታ ሲከፈት ሰርቨሩ የሚሠራው ማቅረብ ብቻ ነው። የፕሮሰሰሩ ሥራ ከ100 ወደ 3 በመቶ ወረደ።

ቴክኒኩ እዚህ ላይ አለቀ። የቀረው የእማዬ ነው።

ያንኑ ቪዲዮ፣ ያን ስንት ጊዜ የተቆራረጠውን፣ በማግስቱ ማታ ከፈትኩላት። ስድስት ደቂቃውን ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ክቧ አልመጣችም። እህቴ ሰላምታ አቀረበች፣ የጎረቤቱን ስም አንድ በአንድ ጠራች፣ ስለ ማሾው ጠየቀች፣ ሳቀች። ትንፋሽ አላጠራትም። እማዬ እጇን ከአገጯ ላይ አነሳች፤ ሳሎኑም ቀለል አለው።

አራተኛው ደቂቃ ላይ እህቴ "ሥራው" አለች። ዝም አለች።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጋሼ "ይኸው፣ ተመልሶ መጣ" አለ። እኔ ግን መጋረጃውን እያየሁ ነበር። ከእህቴ ጀርባ ነጭ መጋረጃ አለ፤ በኤር ኮንዲሽነሩ ነፋስ ይወዛወዛል። አራት ሴኮንድ ሙሉ መጋረጃው ሲወዛወዝ ቆየ። ቪዲዮው አልቆመም። የቆመችው እህቴ ናት። ከዚያ "ሥራው ጥሩ ነው፣ አታስቡ" ብላ ወደ ሌላ ወሬ ሄደች።

እማዬም መጋረጃውን አይታለች። "መልሰው" አለችኝ። መለስኩት። "አንዴ ደግሞ።" ደገምኩት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለጎረቤት ሳይሆን ለራሷ፣ "ይቺ ዝምታስ የማሽኑ አይደለችም" አለች።

ስለዚህች አራት ሴኮንድ ብዙ አስቤያለሁ። ድሮም እዚያው ነበረች፤ በየማታው ብናያትም ከሌሎቹ መቆሞች አንዷ መስላ ታልፍ ነበር። እማዬ በየቆመበት ሁሉ ስትደነግጥ የሚያስደነግጠው አንዱ ተደበቀ። እኔም "ማሽኑ ነው" እያልኩ ሳጽናናት፣ ለሌሎቹ እውነት የሆነው መልስ ለዚችኛዋ ልክ አልነበረም። ይሄን ማወቅ የሚቻለው የማሽኑ ድርሻ ተለይቶ ሲወጣ ብቻ ነው። ከሩቅ ሰው ጋር የምንገናኝበት ነገር ሁሉ፣ ስልኩም፣ መልእክተኛውም፣ ደብዳቤውም፣ የራሱን ኮሽታ ይጨምራል። ኮሽታው ሲበዛ ሁለት ዓይነት ሰው እንሆናለን፤ ወይ በሁሉም የምንጨነቅ፣ ወይ ሁሉንም በኔትወርክ የምናሳብብ። ሁለቱም ሰውየውን አይሰሙትም።

ስልክ የተገኘ ቀን እማዬ ሰላምታውን አሳጠረች። "ሥራው ብለሽ ለምን ዝም አልሽ?" አለቻት። በወዲያኛው በኩል ትንሽ ጸጥታ ሆነ፤ ይሄንንም የማን እንደሆነ ለመለየት ጆሯችንን አቀናን። ከዚያ እህቴ አለቀሰች። የአራት ወር ደሞዟ አልተከፈላትም። ብትናገር እናቴ ያላትን ሸጣ "ነይ" ትላለች ብላ ነው የደበቀችው። እማዬም ልክ እንዳለችው "ነይ" አለች። እህቴ ያልተከፈለውን ሳትቀበል ባዶ እጇን እንደማትመጣ ነገረቻት። ከዚያ ወዲህ የሁለት ወሩን አግኝታለች፤ ቀሪው ገና ነው። ነገሩ አልተፈታም፤ ግን ብቻዋን የምትሸከመው መሆኑ ቀርቷል። አሁን በቪዲዮው ላይ የሥራውን ወሬ መጀመሪያ ላይ ነው የምትናገረው።

ደብተሩን አሁንም እይዛለሁ፤ የጓዳው ሙቀት፣ የፕሮሰሰሩ ሙቀት፣ ፍጥነቱ፣ ቀኑ። ሰኔ ሲመጣ ቁጥሩ ወደ ላይ ይንፏቀቃል፣ ያኔ አቧራውን ደግሜ አራግፋለሁ። የተጎዳውን ገመድም ቀይሬዋለሁ፤ ጥፋተኛ ባይሆንም። እማዬ ስለ ኤች 265 ምንም ማወቅ አትፈልግም። አንድ ነገር ግን ለምዳለች። የልጇ ቪዲዮ የመጣ ማታ፣ ቡናው ከመቅረቡ በፊት፣ ወደ ጓዳ ጮክ ብላ "ስንት ነው ዛሬ?" ትለኛለች። "74" እላታለሁ። ከ80 በታች ከሆነ ነጠላዋን አስተካክላ ትቀመጣለች። ከዚያ በኋላ ለሚታየው ዝምታ ሁሉ የምትጠይቀው ልጇን ነው።